እሳቸው ማን ናቸው?

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከግንቡ

ለልጄ፣

ዛሬ ከዙረት ስመለስ ደብዳቤሽ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ጠበቀኝ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ከፈትኩት። ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጬ ሰላምታ ፈለግሁበት፤ የለውም። "እማዬ፣ እንደምን ገባሽ?" የምትል አንዲት መስመር ብትኖርበት ምን ነበረበት? ቀለም ተወዶ ነው? እሺ፣ እኔ ልጀምር። እንደምን አላችሁ? ባለቤትሽ፣ ትልቋ፣ ትንሹ ደህና ናቸው? እኔ በደህና ገብቻለሁ።

ጥያቄዎችሽን ልመልስ። የካውያው ገመድ እኔ ክፍል፣ አልጋው ሥር ነው። ካውያው እኔ ክፍል፣ የካውያው ጠረጴዛ እኔ ክፍል፣ ገመዱ ሌላ የት ሊሄድ ነው? የትልቋን የስፖርት ጫማ አጥቤ በረንዳ ላይ አስጥቼዋለሁ። የሳል ሽሮፑ ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው። መድኃኒት ቤት የምትሠሪው አንቺ፣ ሽሮፕ የት እንዳለ የምትጠይቂው የማተሚያ ቤት ጡረተኛን! ተይው፣ ቀልዴን ነው። ሙሉ በሙሉ ቀልድ ግን አይደለም።

ለምን አትደውይም ብለሻል። የእጅ ስልክ እዚህ አይሠራም፤ የግድግዳው ውፍረት አንድ ክፍል ያህላል። ያለው ስልክ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው፣ አንቺ ደግሞ በስልክ ስትናገሪ ድምፅሽ ከጆሮዬ አልፎ ለሰው ሁሉ ይዳረሳል። ዳቦ የሚያመጣው አውቶብስ በየቀኑ ደብዳቤም ያመላልሳል። እሱ ይበቃናል።

ስለ ግንቡ ባትጠይቂኝም ልንገርሽ። ግማሹ ሙዚየም ነው፣ ግማሹ የእንግዳ ማደሪያ። በፀደይ እንግዳ ስለማይበዛባቸው ነው የጡረተኞች ማኅበራችንን በቅናሽ የተቀበሉት። ለእኔ ጫፍ ላይ ያለችውን ክብ ክፍል ሰጡኝ፤ ድሮ ዘበኛ ይቆምባት ነበር ይላሉ። ክብ ስለሆነች አልጋው ከየትኛውም ግድግዳ ጋር አይገጥምም፤ መሐል ቤት ላይ ብቻውን ቆሟል። በመስኮቱ ወንዙ ይታያል፣ ከወንዙ ማዶ የፖም ዛፎቹ አብበዋል። ሙዚየሙ ግን አንጀቴን አሳርሮታል። ከየዕቃው አጠገብ የለጠፉት ጽሑፍ ስሕተት ብቻ ነው። የብረቱን የጦር ልብስ "የጡር ልብስ" ብለው ጽፈውታል! በእርግጥ ያን ለብሶ ሰው ሲጨርስ የኖረ ሰው ጡር አይቀርለትም፤ ቢሆንም እጄን በላኝ።

እንደገባን በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ የክፍሌ በር አልከፈት አለ። ብገፋው፣ ብጎትተው፣ ብለምነው ወይ ፍንክች። የማኅበራችን ሰዎች ቁርስ ላይ ናቸው፣ ማን ይስማኝ? ብዙ ከጮህኩ በኋላ የግንቡ ቁልፍ ሠሪ መጡ። በቁልፉ ቀዳዳ በኩል "አይዞሽ፣ አዲስ ሰው ሲያይ ያኮርፋል" አሉኝ፤ በሩን ማለታቸው ነው። ከማጠፊያው ነቅለው አወጡኝ። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ከፍ ይላሉ፣ ነገር ዐዋቂ ናቸው፣ ጨዋታቸው አይጠገብም። ከዚያ ወዲህ ሻይ አብረን ነው የምንጠጣው። ማኅበርተኞቼ በአውቶብስ ሲዞሩ እኔ ከእሳቸው ጋር በእግሬ እዞራለሁ። ትናንት የድሮውን የውሃ ወፍጮ አሳዩኝ። እንዲህ የሳቅሁት መቼ እንደነበር አላስታውስም።

ቅዳሜ እንመለሳለን። ትንሹን ሳሚልኝ።

እናትሽ

እሑድ፣ ከቤት

እማዬ፣

እንደምን አለሽ? ይኸው ሰላምታ። እኛ ደህና አይደለንም።

ትናንት ልጆቹን ይዤ አውቶብስ ማቆሚያው ድረስ መጣሁ። ትንሹ ከግቢያችን አበባ ቆርጦ ይዞልሽ ነበር። አውቶብሱ ቆመ፣ ጡረተኞቹ አንድ በአንድ ወረዱ፣ ሾፌሩ በሩን ዘጋ። አንቺ የለሽም። ሊቀመንበራችሁን ስጠይቃቸው "እሷማ ደስ ብሏት ጥቂት ልቆይ ብላ ቀረች፣ ጓደኛ አግኝታለች" ብለው ሳቁ። ሳቁ እኮ ነው የምልሽ! ሰው ፊት። ትንሹ "አያቴ ጠፋች" ብሎ እሪ አለ። እኔ ሻንጣው እንደተሰረቀበት መንገደኛ ቆሜ ቀረሁ።

ጓደኛ የተባለው ማን እንደሆነ ግን አልጠፋኝም። ደብዳቤሽን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ቁልፍ ሠሪው ነው። በር ነቅሎ ክፍልሽ የገባ ሰውዬ፣ ሻይ የሚያጠጣሽ፣ ወንዝ ለወንዝ ይዞሽ የሚዞር። ስሙን እንኳ አልጻፍሽልኝም። "እንዲህ የሳቅሁት መቼ እንደነበር አላስታውስም" ትያለሽ ደግሞ። አባዬ ካረፈ ስንት ጊዜ ሆነው? መቃብሩ ላይ ያለው ድንጋይ ገና አልጠቆረም እኮ! ልጅሽ ነኝ፣ በአንቺ ላይ አፌን መክፈት አልፈልግም። ግን ሰው ምን ይላል? ያን ሁሉ ዘመን ተከብረሽ ኖረሽ፣ በስተርጅና ሃፍረት ልታከናንቢን ነው? ሰውዬው ሚስት የለውም? ልጅ የለውም? ምን ፈልጎ ነው?

ነገ የማታ ተረኛ ነኝ። ባለቤቴ ለሥራ መንገድ ወጥቷል። ልጆቹን ማን ይያዝልኝ? ለጎረቤት አደራ ብዬ ልሂድ? ለሳምንት ነው ብለሽኝ ነው የሄድሽው። እኔም ለሳምንት ነው ሰው ለምኜ ፈረቃ የለዋወጥኩት።

በሚቀጥለው አውቶብስ እንዲመለሱ እጠይቃለሁ። እንዲህ ብዬ ልጽፍልዎ አይገባኝም ነበር፤ እዚህ ያደረሱኝ ግን እርስዎ ነዎት።

ልጅዎ

ረቡዕ፣ ከግንቡ

ልጄ፣

እንደምን አለሽ? እኔ ከመንደዴ በቀር ደህና ነኝ።

ከሁሉ በፊት፣ "ኀፍረት" በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው። አንቺ በሃሌታው ጻፍሽው። ዕድሜ ልኬን የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ የገዛ ልጄ የተሳሳተ ፊደል አናቴ ላይ ስትደፋብኝ ዝም አልልም። ልታከናንቢኝ ከሆነ ፊደሉን ጠብቀሽ አከናንቢኝ።

ደግሞ "አንቺ" ብለሽ ጀምረሽ መጨረሻ ላይ "እርስዎ" ሆንኩልሽ። አፍ ከፈታሽበት ቀን ጀምሮ "እርስዎ" ብለሽኝ አታውቂም። አክብረሽኝ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ዱላ ብታነሺብኝ ይሻለኝ ነበር።

እሳቸው ማን ናቸው ብለሻል። የግንቡ ቁልፍ ሠሪ ናቸው ብዬ ጽፌልሻለሁ። ሚስት የላቸውም። ልጅም የላቸውም። የጠየቅሽው ይህን ነው፣ መለስኩልሽ። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨምርም። ልጨምር ብል አንዲት መስመር ትበቃኝ ነበር፤ ግን በስተርጅና ስለ ጓደኞቼ ለልጄ ቃሌን የምሰጥ ተከሳሽ አይደለሁም።

አባትሽን ደግሞ አንቺ እንዳታስታውሽኝ! ታሞ ሲተኛ ጎኑን ያገላበጥኩት፣ በማንኪያ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። አንቺ እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዘሽ ብቅ ትዪ ነበር። ስለ መቃብሩ ድንጋይ ሌላ ሰው ይንገረኝ።

ትንሹ አበባ ይዞ መቆሙን አንብቤ ለብቻው ጽፌለታለሁ፤ ሳትቆርጪ አንብቢለት። ግን እውነት እውነቱን እንነጋገር። "ለሳምንት ነው ፈረቃ የለዋወጥኩት" ትያለሽ። እኔ አባትሽ አርፎ ቤትሽ ከገባሁ ጀምሮ ቀንም ማታም ተረኛ ነኝ፤ ፈረቃ የሚለውጠኝ የለም። ክፍሌ ካውያ ቤት ነው። ባለቤትሽ ሸሚዝ ሲፈልግ ሳያንኳኳ ይገባል፤ ልብስ እየቀየርኩ ቢሆንም እንኳ ሸሚዙን አንጠልጥሎ ይወጣል። ልተኛ ስል አልጋዬ ላይ ያልታጠፈ ልብስ ተከምሮ ይጠብቀኛል፣ ልተኛበት ከፈለግሁ ላጥፈው ነው። ይህን በቃሌም ነግሬሽ ነበር። "እሺ እማዬ" ብለሽ ወጣሽ፤ በማግሥቱ አንሶላዎቹ ተጨመሩ።

እዚህ ትናንት ከእሳቸው ጋር የግንቡ ድንጋይ ወደተፈለጠበት ገደል ሄድን። እዚያ ቆመሽ ከጮህሽ ድምፅሽ ተመልሶ ይመጣል። እሳቸው "ስምሽን ጥሪው" አሉኝ። አፍሬ ቆየሁና ጠራሁት። ገደሉ መልሶ ጠራኝ። ስሜን ሰው ሲጠራው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! ቤትሽ ውስጥ "እማዬ" ነኝ፣ "አያቴ" ነኝ፣ ባለቤትሽ ሲጠራኝ "ኧረ እባክዎ" ነኝ። ስንመለስ በድሮው ድልድይ ላይ ድንጋዩ አዳለጠኝ፣ ልወድቅ ስል እሳቸው እጄን ለቀም አደረጉኝ፤ እስከ ማዶም አልለቀቁኝ። ይህን የጻፍኩት እንድትናደጂ ነው። ከዚያ ፖም ዛፍ ሥር ተቀምጠን ዳቦና አይብ በላን።

የሙዚየሙ ኃላፊ የተለጠፉትን ጽሑፎች እንዳርምላቸው ለምነውኛል፤ እስክጨርስ ክፍሏን በነጻ ትተውልኛል። የምመለስበትን ቀን ሳውቅ እነግርሻለሁ።

እናትሽ፣ "አንቺ" የምትባለው

ሰኞ፣ ከቤት

ለክብርት እናቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ከዚህ ቤት ያሉ ሁሉ ሰላምታ ያቀርቡልዎታል፣ ሰላምታ የሚገባ ከሆነ።

ደብዳቤዎን ለወንድሜ አነበብኩለት። እጅዎን ስለ መያዙ የጻፉት ላይ ስደርስ ተነስቶ በረንዳ ወጣ። አጎቴንም ጠራነው፤ የአባዬ ታላቅ ወንድም ነው፣ ነገ ከሌላ ሰው ቢሰማው ምን እንለዋለን? አክስቶቼም ተገኝተው ነበር። "አንዲት ቃል አልጨምርም" ብለው ስለጻፉ ሁላችንም እንዳመኑ ነው የቆጠርነው።

ክፍሉን "ካውያ ቤት ነው" ስላሉ ካውያ ቤት ይሁን ብለን አልጋውን ፈታነው። ዕቃዎ በካርቶን ታስሮ በረንዳ ላይ አለ። ዝናብ እንዳይነካው ላስቲክ አልብሰነዋል።

ሐሙስ አጎቴና ወንድሜ ይመጣሉ። ከሰውዬው ጋር ወንድ ለወንድ ይነጋገራሉ። ከእነሱ ጋር ከተመለሱ አልጋው መልሶ ይገጠማል፣ ያለፈው ይረሳል፣ ልጆቹም ምንም አይሰሙም። ካልተመለሱ ግን እኔ ልጆች ይዤ አያት ፍለጋ ግንብ ለግንብ አልዞርም። ምርጫው የእርስዎ ነው።

አንድ ነገር ተናግሬ ላብቃ። "ብርቱካን ይዘሽ ብቅ ትዪ ነበር" ያሉኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ያኔ ትንሹን አርግዤ ነበር። እግሬ አብጦ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነበር የምውለው። ከብርቱካን በላይ መሸከም አልቻልኩም። አሁንም አልቻልኩም። ትናንት አንዲት ሴትዮ መድኃኒቷን ልሰጣት እየጠበቀችኝ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አንቀላፋሁ። እኔ ማን አለኝ? እርስዎ ነበሩኝ።

ልጅዎ

ዐርብ፣ ከቤት

እማዬ፣

ምን አደረግሻቸው? ወንድሜ ትናንት ገብቶ ሶፋው ላይ ተዘረረ፤ የሆነውን ስጠይቀው ትራስ አፉ ላይ አድርጎ ይንቀጠቀጣል። ያልቅስ ይሳቅ አላወቅሁም። አጎቴ ደግሞ ግባ ብለው ደጅ ላይ ቆሞ "እናትሽን ጠይቂያት" አለና ተመልሶ ሄደ። ሰውዬው ደበደባቸው? ንገሪኝ። ዛሬውኑ ጻፊልኝ።

ልጅሽ

ቅዳሜ፣ ከግንቡ

ልጄ፣

ደንግጠሽም ቢሆን "እማዬ" ብለሽ ስለጀመርሽ ደስ ብሎኛል። ማንም አልደበደባቸውም። የሆነውን ልንገርሽ።

አጎትሽ፣ እኔና አባትሽ ከጀርባው "ዳኛው" የምንለው (ችሎት ገብቶ አያውቅም፣ ያልፈረደበት ዘመድ ግን የለም) ከአውቶብስ እንደወረደ እኔን አልፈለገም። ወንድምሽን አስከትሎ ቀጥ ብሎ ቁልፍ ቤት ገባ። ቁልፍ ቤቷ ግቢው ጥግ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ሁሉ ቁልፍ ተሰቅሎባታል። አንዲት ሴትዮ ሽርጥ አድርገው ቁልፍ ይሞርዳሉ።

ዳኛው "ባለቤትዎን ይጥሩልኝ" አላቸው።

"ባለቤት የለኝም። ምን ልርዳዎት?"

"ቁልፍ ሠሪውን ነው የምፈልገው።"

"ምን ሊያሠሩ ነው?"

ዳኛው በዚህ ጊዜ አዘነ። ይህች ምስኪን ባሏን ከመሸሸግ አልፋ የለኝም እስከማለት ደርሳለች ብሎ ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ዘረገፈላቸው። "እኅቴ፣ ሳይሰሙ ከሚቀሩ ከእኔ ይስሙት። ባልዎ የወንድሜን ሚስት እጇን ይዞ ድልድይ ያሻግራል። ፖም ዛፍ ሥር አይብ ያበላታል። እርስዎ እዚህ በሞረድ እጅዎን ሲልጡ እሱ ገደል ለገደል ይዟት ይዞራል። እኛም እንደ እርስዎ ተጎድተናል፣ አይዞዎት" አላቸው። ሴትዮዋ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ዳኛው የሚያለቅሱ መስሎት መሐረቡን አውጥቶ ሰጣቸው። እንደ አጋጣሚ እኔ ያን ጊዜ ሻይ ይዤ ገባሁ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ። ተዋወቁ፣ የግንቡ ቁልፍ ሠሪ እኚህ ናቸው" አልኳቸው።

አዎ፣ እሳቸው ሴት ናቸው። ሙያውን ከአባታቸው ተምረው በዚሁ ግንብ ያረጁ ሴት። "ሚስት የላቸውም" ስልሽ ዋሸሁሽ? ወንድምሽ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሲንፈራፈር ቁልፎቹ እላዩ ላይ ረገፉ። ዳኛው ግን አልሳቀም። "ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?" ብሎ እኔኑ ተቆጣኝ! ሻይ ጠጣ ብለው እምቢ አለ፤ በመጣበት አውቶብስ ተመለሰ። መሐረቡ እዚህ ነው፣ ታጥቦ ተተኩሷል።

እኔም እስኪያመኝ ስቄ ነበር። መሳቅ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። እነ ወንድምሽ ሲሄዱ ሞረዱን አስቀመጡና "ልጅሽ ይህን ሁሉ ስለ አንቺ አምና ነው ሰው የላከችው?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው።

"ልጅ አለመውለዴ ሲያንገበግበኝ ነው የኖርኩት። ዛሬ ትንሽ ቀለል አለኝ።"

ለቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

አንቺ "ሰውዬው" ብለሽ የጻፍሽ ቀን ነው ስሕተትሽ የገባኝ። አራሚ አይደለሁም እንዴ? እኔ ለታላቅነታቸው ስል "እሳቸው" አልኩ፤ "እሳቸው" ደግሞ ወንድም ሴትም ይሆናል፣ አንቺ ወንድ አደረግሽው። ያኔውኑ "ሴት ናቸው" ብዬ ልጽፍልሽ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ከዚያ እጄ ቆመ። ሴት ናቸው ማለት ለእኔ ምን ማለት ነው? ወንድ ስላልሆኑ ፍቀጂልኝ ማለት ነው። ያጠባኋትን ልጅ ፈቃድ ልለምን ነው? አላደርገውም አልኩ። እንግዲህ እኔ "እሳቸው" እንዳልኩ ቀጠልኩ፣ አንቺ ደግሞ ዘመድ ሰብስበሽ አልጋዬን ፈታሽ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ "እናቴ ምን ሆና ነው?" ብለሽ አንድ ቀን ራስሽ አልመጣሽም። ዳኛ ላክሽብኝ።

የብርቱካኑን ነገር ግን እርሺልኝ። እግርሽ ማበጡን አልረሳሁም፤ ያሸሁልሽ እኔ ነበርኩ። ተናድጄ ነው የጻፍኩት።

እናትሽ

ማክሰኞ፣ ከቤት

የምወድሽ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኛ ተመስገን ነው፤ ሁላችንም ደህና ነን።

ሴት መሆናቸውን ሳነብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ተመስገን ነው ያልኩት። ከላዬ ላይ ድንጋይ ተነሳልኝ። ግን ምነው እማዬ፣ ይህን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ይህ ሁሉ ኀፍረት (በብዙኃኑ ነው የጻፍኩት፣ አየሽ?) ከየት ይመጣ ነበር? አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺም ግን እልኸኛ ነሽ፤ ግማሹ ጥፋት የአንቺ ነው።

አሁን ሁሉም ተስተካክሏል። ለአክስቶቼም፣ ለዘመዱም፣ ለሊቀመንበራችሁም ደውዬ ሴት መሆናቸውን ነግሬያቸዋለሁ። ከእንግዲህ ማንም ምንም አይልም። አልጋው ተገጥሟል፣ ካርቶኖቹ ተፈትተዋል። ባለቤቴም ሳያንኳኳ አልገባም ብሎ ምሎልኛል። ሰኞ የማታ ተረኛ ስለሆንኩ እሑድ ብትገቢልኝ ጥሩ ነው። ትንሹ በየቀኑ ዛሬ ነው ወይ የምትመጣው እያለ ይጠይቀኛል።

እሳቸውንም አመስግኚልኝ። እንደ እህት ናቸው ማለት ነው። አንድ ቀን ይዘሻቸው ነይ፣ ቤታችን ይዋሉ። በዚያውም የጓዳው በር ቁልፍ ተበላሽቶብናል፣ ያዩልናል።

ልጅሽ

ሐሙስ፣ ከግንቡ ሥር ካለው መንደር

ልጄ፣

እንደምን አለሽ? ልጆቹስ? ስለ ወገቤ ስለጠየቅሽኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዳገቱ አሽሎታል።

"ከእንግዲህ ማንም ምንም አይልም" ብለሻል። መጀመሪያስ ማን ምን ብሎ ነበር? እኔ የማውቀው አንቺ፣ ወንድምሽ፣ ዳኛውና አክስቶችሽ ስለ እኔ ማውራታችሁን ነው። አሁን በስልክሽ ያልሰማ ሰው የለም። ድሮ ማተሚያ ቤት ከእኔ ጋር ታርም የነበረችው ባልደረባዬ ትናንት እንግዳ መቀበያው ስልክ ላይ ደውላ "ሴት ናቸው አሉ፣ እንኳን ደስ አለሽ!" አለችኝ። እንኳን ደስ አለሽ! ተከስሼ እንደነበር ነጻ ስወጣ ነው የሰማችው። አንቺ እኔን ያጸዳሽ መስሎሽ በየቤቱ አዳረስሽኝ።

ከሁሉ ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ያ "ተመስገን"ሽ ነው። ምኑ ነው ተመስገን? ሴት ከሆኑ የሳቅሁት ሳቅ ትክክል ሆነ፣ ወንድ ቢሆኑ ኀጢአት ነበር? ሳቁ ያው ሳቅ ነው። ድልድዩ ላይ እንዳልወድቅ የያዘኝም ያው እጅ ነው። "ግማሹ ጥፋት የአንቺ ነው" ደግሞ ትይኛለሽ። እኔ ያላጠፋሁትን አልካፈልም።

ደብዳቤዎችሽን አንድ ላይ አድርጌ አነበብኳቸው። ገመዱ የት ነው፣ ሽሮፑ የት ነው፣ ሰውዬው ማን ነው፣ ልጆቹን ማን ይያዝ፣ መቼ ትገቢያለሽ። እማዬ፣ ደስ ብሎሽ ነው ወይ የከረምሽው የሚል አንድም ቦታ አጣሁ። ምን ትፈልጊያለሽ የሚል አጣሁ። ተቆጥተሽም፣ ይቅርታ ጠይቀሽም፣ ሰኞ የማታ ተረኛ ነሽ።

እሑድ አልገባም። የሙዚየሙን ጽሑፍ ጨርሻለሁ፤ የጦር ልብሱም ከጡር ድኗል። አሁን ደግሞ የጎብኚዎች መምሪያ መጽሐፋቸውን እርማት ሰጥተውኛል፣ ለእሱም ይከፍሉኛል። ከግንቡ ወርጄ ከዳቦ ቤቱ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት የዳቦ ሽታ ነው የሚቀሰቅሰኝ። የምኖረው ለብቻዬ ነው፣ ከእሳቸውም ጋር አይደለም፤ ለዘመድ ስትደውዪ እንዳትሳሳቺ።

ልጆቹን ትምህርት ሲዘጋ ላኪልኝ። ወንድምሽ ያምጣቸው፣ መንገዱን ለምዶታል። አንቺም ፈቃድ አውጥተሽ ነይ። ቆመሽ ማንቀላፋትሽ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ተናድጄም እናትሽ ነኝ። ስትመጪ አልጋዬን እለቅልሻለሁ፣ እስኪወጣልሽ ትተኚያለሽ፣ ማንም አይቀሰቅስሽም። እኔ ግን ለማታ ተረኛ አልመጣም። ሞግዚት ፈልጉ፣ ባለቤትሽም መንገዱን ይቀንስ፤ የልጆቹ አባት እሱ ነው። ካርቶኖቼን መልሳችሁ እሰሩና በወንድምሽ ላኩልኝ። አልጋውን ለትልቋ ስጧት። የጓዳው በር ደግሞ ሠፈራችሁ ቁልፍ ሠሪ አለ፣ ጥሩት።

አንድ ስሕተት ግን ሳላርም አላልፍም፣ ነገ "ጓደኛዋ ሴት ስለሆኑ ነው የቀረችው" ብለሽ ደግሞ እንዳታዳርሺው። ወንድ ቢሆኑም ኖሮ አልመለስም ነበር። እንዲያውም ያን ጊዜ ላንቺ ይህን ሁሉ ደብዳቤ የምጽፍበት ጊዜም ባልነበረኝ።

እናትሽ